የኃይልና የአልሚ ንጥረ ነገሮች ጉዞ በሥርዓተ ምህዳር ውስጥ

ሥርዓተ ምህዳር ማለት በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ዕፅዋት፣ እንስሳትና ደቂቅ ዘአካላት እርስ በርሳቸው እንዲሁም ከአፈር፣ ከውኃ፣ ከአየርና ከፀሐይ ብርሃን ጋር የሚመሠርቱት የግንኙነት ሥርዓት ነው። ስያሜው በሳይንሳዊ ጽሑፍ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1935 በእንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አርተር ታንስሊ አማካይነት ነው። ደን፣ ሐይቅ፣ የግጦሽ መሬትና የእርሻ ማሳ እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ሥርዓተ ምህዳር ሊታዩ ይችላሉ።

ማንኛውም ሥርዓተ ምህዳር ጸንቶ የሚቆየው በኃይልና በአልሚ ንጥረ ነገሮች ነው። የሁለቱ ጉዞ ግን የተለያየ ነው። ኃይል ከፀሐይ ገብቶ በመጨረሻ በሙቀት መልክ ስለሚባክን ተመልሶ ጥቅም ላይ አይውልም። እንደ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያሉ አልሚ ንጥረ ነገሮች ግን ከአፈር ወደ ተክል፣ ከተክል ወደ እንስሳ፣ ከዚያም ወደ አፈር እየተመለሱ ይዘዋወራሉ። ፀሐይ በየቀኑ አዲስ ኃይል ትሰጣለች፤ ከአፈር የተወሰደው ንጥረ ነገር ካልተመለሰ ግን ምትኩ በቀላሉ አይገኝም።

የኃይል ጉዞ

ዕፅዋት በብርሃን አስተጻምሮ አማካይነት የፀሐይን ብርሃን፣ ውኃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ተጠቅመው ምግብ ያዘጋጃሉ። በዚህም ምክንያት አምራቾች ይባላሉ። ሣር በል እንስሳት ዕፅዋትን፣ ሥጋ በል እንስሳት ደግሞ ሌሎች እንስሳትን በመመገብ የኃይል ድርሻቸውን ያገኛሉ። ይህ ቅደም ተከተል የምግብ ሰንሰለት ይባላል።

በእያንዳንዱ እርከን አብዛኛው ኃይል ለመተንፈስ፣ ለመንቀሳቀስና የሰውነትን ሙቀት ለመጠበቅ ይውላል፤ ያልተፈጨውም በእበትና በኩስ መልክ ይወገዳል። አሜሪካዊው ሬይመንድ ሊንደማን በሚኒሶታ ግዛት በአንድ አነስተኛ ሐይቅ ላይ ያካሄደውንና እ.ኤ.አ. በ1942 የታተመውን ጥናት መነሻ በማድረግ፣ ከአንዱ እርከን ወደ ቀጣዩ የሚሻገረው ኃይል በአማካይ 10 በመቶ አካባቢ እንደሆነ በግምት ይወሰዳል። መጠኑ እንደ ፍጥረቱና እንደ አካባቢው ይለያያል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሳነቲ አምባ ላይ ሣርና ቅጠላ ቅጠል ፍልፈሎችንና አይጦችን ይመግባሉ፤ ቀይ ቀበሮም በዋነኛነት እነዚህን ታድኖ ትኖራለች። የፀሐይ ኃይል እስከ ቀበሮዋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ተቀንሶ ስለሆነ፣ አንድ የቀበሮ ቤተሰብ ለመኖር በርካታ አይጦችና ሰፊ ግጦሽ ያስፈልጉታል። በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘው ቀይ ቀበሮ በጠቅላላው 500 አካባቢ ብቻ የቀረችው በእርሻ መስፋፋትና እንደ እብድ ውሻ በሽታ ባሉ ወረርሽኞች ምክንያት ነው። ከመጠን ያለፈ ግጦሽ ደግሞ ሰንሰለቱን ከሥሩ ያዳክመዋል። ሣሩ ሲመናመን አይጦቹ፣ አይጦቹ ሲያንሱም ቀበሮዋ ትጎዳለች።

የአልሚ ንጥረ ነገሮች ዑደት

ከአየር 78 በመቶ የሚሆነው ናይትሮጅን ቢሆንም አብዛኞቹ ተክሎች በቀጥታ ሊጠቀሙበት አይችሉም። በባቄላ፣ በአተር፣ በሽምብራና በምስር ሥሮች ላይ በሚገኙ ትናንሽ እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክል ወደሚስማማ ቅርጽ ይለውጡታል። ገበሬዎች ከጥራጥሬ በኋላ ጤፍ ወይም ስንዴ መዝራታቸው በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ፎስፎረስ በአንጻሩ ምንጩ ዐለት ሲሆን፣ ወደ አፈር የሚለቀቀውም እጅግ በዝግታ ነው።

ዑደቱን የሚዘጉት አብስባሾች ናቸው። ምስጥ፣ የምድር ትልና ጥንዚዛ የወደቀውን ቅጠልና እበቱን ይሰባብራሉ፤ ፈንገስና ባክቴሪያም እስከ መጨረሻው አፍርሰው ንጥረ ነገሩን ለአፈር ይመልሳሉ። ጅብና ጥንብ አንሣም በድን በማጽዳት የዚሁ ሥራ ተካፋዮች ናቸው።

ዑደቱ የሚቋረጥባቸው ምክንያቶች

በደጋማው የሀገራችን ክፍል ከማሳ የሚወጣው ብዙ፣ የሚመለሰው ግን ጥቂት ነው። እህሉ ወደ ጎተራና ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ጭዱ ለከብት መኖና ለቤት ምርጊት ይውላል፤ እበቱም ተጠፍጥፎ ኩበት ከሆነ በኋላ ይነዳል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ወደ አየር ይወጣል። ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ውስጥ ቢቀሩም አመዱ ብዙ ጊዜ የሚደፋው ከማሳ ሳይሆን ከቤት አጠገብ ነው። በእንሰት አብቃይ አካባቢዎች ፍጉ ለጓሮው ስለሚሰጥ የቤቱ ዙሪያ ለም ሆኖ ይቆያል፤ ራቅ ያለው ማሳ ግን ከዚህ ድርሻ ያነሰውን ያገኛል።

ኩበት የሚነደው በቸልተኝነት ሳይሆን ማገዶ በመታጣቱ ነው። የደን መመናመን የአፈር ለምነት ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ መንገድ ነው።

ሌላው መውጫ የአፈር መሸርሸር ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ጠርጎ የሚወስደው የላይኛው አፈር ከሁሉም ይልቅ ለም የሆነው ነው። ወደ ጣና ሐይቅ የሚፈስሱት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከእርሻ መሬት የታጠበ ደለል ይዘው ይገባሉ። ለማሳው ኪሣራ የሆነው ንጥረ ነገር በሐይቁ ውስጥ የአረም ምግብ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና መኖሩ የታወቀው እንቦጭ በዚህ ንጥረ ነገር እየታገዘ ይስፋፋል። ሲበሰብስም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚሻማ ዓሦችን ይጎዳል።

ዑደቱን የመመለሻ መንገዶች

ኃይልንና ንጥረ ነገርን ለያይቶ መጠቀም እንደሚቻል በግልጽ የሚያሳየው ባዮጋዝ ነው። እበት በማብላያው ውስጥ ሲብላላ ለማብሰያ የሚሆነው ጋዝ ይወጣል፤ ናይትሮጅኑ፣ ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ ግን በአመዛኙ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ። ቤተሰቡ እሳቱን፣ ማሳውም ማዳበሪያውን ያገኛል። ቴክኖሎጂው በቂ ከብትና ውኃ ስለሚፈልግ ለሁሉም ቤተሰብ አይስማማም። እነዚህ በሌሉበት የሚከተሉት ተግባራት ይመከራሉ፦

• ፍግ፣ ቅጠላ ቅጠልና አመድ በማቀላቀል ብስባሽ ማዘጋጀትና ራቅ ላለው ማሳም ማድረስ፤
• ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መጠቀምና ለማገዶ የሚሆኑ ዛፎችን በወሰንና በጓሮ መትከል፤
• ጥራጥሬን ከብርዕና ከአገዳ ሰብሎች ጋር ማፈራረቅ፤
• እርከን መሥራት፣ የተራቆተ ተዳፋትን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ መከለል፤
• የወንዝና የሐይቅ ዳርቻዎችን በዕፅዋት መሸፈን።

ዩሪያና ሌሎች ዘመናዊ ማዳበሪያዎች የጎደለውን ንጥረ ነገር ይተካሉ። ሆኖም ውኃ የሚይዘውንና ለአብስባሾች ምግብ የሚሆነውን ብስባሽ አካል ስለማይጨምሩ፣ የተሻለ ውጤት የሚሰጡት ከፍግና ከብስባሽ ጋር ተጣምረው ሲቀርቡ ነው። የአንድ ማሳ ለምነት ዘላቂ የሚሆነው ከእርሱ የወጣው ንጥረ ነገር በዚህም ሆነ በዚያ መንገድ ተመልሶ ሲገባበት ነው።