ክራርና ማሲንቆ በወለጋ፦ ስለ ትንንሾቹ ባለ አውታር መሣሪያዎቻችን አመጣጥ

የሙዚቃ መሣሪያ ከእንጨት፣ ከቆዳና ከጅማት የተሠራ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የሠራውን ሕዝብ ጆሮ፣ የኑሮውን ሁኔታና ከጎረቤቶቹ ጋር የነበረውን ግንኙነት አምቆ የያዘ የታሪክ ሰነድ ነው። ሰነዱን ለማንበብ ግን አስቀድሞ ነገሩን በትክክለኛ ስሙ መጥራት ያስፈልጋል። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ፣ ክራርን ለወጣት ተማሪ ለማስተዋወቅ ስንነሣ «ትንሽ የአገር ጊታር» ማለት ይቀናናል። አባባሉ ለማስረዳት ይቀላል፤ ዝምድናውን ግን ገልብጦ ያስቀምጣል።

ጊታር አንገት ያለው መሣሪያ ነው። አውታሮቹ በአንገቱ ላይ ተዘርግተው፣ የግራ እጅ ጣቶች በየደረጃው እየተጫኑ ከአንዱ አውታር ብዙ ድምፅ ያወጣሉ። ክራር አንገት የለውም። ቆዳ ከተወጠረበት ገበቴ ሁለት ምሰሶዎች ይወጣሉ፤ በላያቸው ቀንበር ይጋደማል፤ አምስት ወይም ስድስት አውታሮች ከገበቴው ተነሥተው በቀንበሩ ላይ ይታሠራሉ። እያንዳንዱ አውታር የተቃኘበትን አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ተጫዋቹ አውታሮቹን በአንድነት ሲገርፍ የግራ እጁ ጣቶች የማይፈለጉትን ያፍናሉ፤ የተለቀቁት ብቻ ይናገራሉ። ስለዚህ የክራር ጥበብ በመምታት ብቻ ሳይሆን በማፈንም ነው። በጣት እየነጠሉ መጫወትም ሌላው ስልት ነው።

ይህ አሠራር እጅግ ጥንታዊ ነው። በመስጴጦምያ በዑር ከተማ መቃብሮች በቁፋሮ የተገኙት ባለ ቀንበር መሣሪያዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት 2500 ዓመት ገደማ የተሠሩ ናቸው። በግብፅ ቤኒ ሐሰን በሚገኝ መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1900 ገደማ፣ ከእስያ የመጡ መንገደኞች ይህንኑ የመሰለ መሣሪያ ይዘው ተሥለዋል። ግሪኮች የእነርሱን ባለ ቀንበር መሣሪያ «ኪታራ» ይሉት ነበር። ይህ ስም በብዙ ቋንቋዎች አልፎ፣ በመጨረሻ አንገት ላለው ለሌላ መሣሪያ «ጊታር» የሚል መጠሪያ ሆነ። እንግዲህ ክራር የጊታር ታናሽ አይደለም፤ ይልቁንም ጊታር ስሙን የተዋሰው ከክራር ወገን ነው።

ይህ ወገን በአውሮፓ ከሕዝብ እጅ ሊጠፋ ሲቃረብ፣ በዓባይ ተፋሰስና በዙሪያው ግን ሕያው ሆኖ ኖረ። የግብፅ ሲምሲሚያ፣ የሱዳን ጠምቡራ፣ በኬንያ የሉኦ ሕዝብ ባለ ስምንት አውታር ኛቲቲ፣ የእኛው ክራርና ባለ ዐሥር አውታሩ በገና የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ወለጋም በደዴሳና በዳቡስ ወንዞች በኩል የዚሁ ተፋሰስ አካል ነው። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግሬውና ሌላውም ሕዝብ ክራርን በየራሱ ቋንቋና ቅኝት የሚያናግረው ስለሆነ፣ «የአንድ ብሔረሰብ ብቻ ነው» የሚል ክርክር ከታሪክ ጋር አይስማማም።

በአካል አሠራር ከተነሣን፣ ለጊታር የሚቀርበው ማሲንቆ ነው፤ አንገት አለውና። ይሁን እንጂ አውታሩ የፈረስ ጭራ፣ ቁጥሩም አንድ ብቻ ነው፤ የሚጫወቱትም በደጋን እየፈገፈጉ ነው። ጣት አውታሩን እንጂ አውታሩ አንገቱን አይነካም፤ በዚህ ምክንያት ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ ይንሸራተታል፣ ያለቅሳል፣ ይሥቃል። በወለጋ ገራርሳ በዋነኛነት በሰው ድምፅ የሚባል የጀግንነትና የብሶት ዜማ ቢሆንም፣ ማሲንቆ ሲያጅበው የሚስማማው ከዚህ የተነሣ ነው።

መሣሪያዎቹ ግን ከተጫዋቾቻቸው ጋር ተንቀው ኖረዋል። በደጋው አገር በገና የዳዊት፣ ክራር ደግሞ የሰይጣን ነው የሚል አነጋገር ነበረ፤ አዝማሪውም በግብዣ ተፈላጊ፣ በጋብቻ ተገፊ ነበር። ይህን ንቀት ከሰበሩት መካከል በ2004 ዓ.ም. ያረፈችው የመድረክ ሰው አስናቀች ወርቁ በክራሯ የምትታወስ ናት። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በየቀበሌው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖችም መሣሪያዎቹን ወደ አዳራሽ አወጧቸው፤ ክብር ሰጧቸው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የመፈክር ማጀቢያ አደረጓቸው፤ ስለ ቅኝታቸው የጠየቀ ጥቂት ነበር።

የነቀምቴ ታሪክ እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። በልጅነቷ ከባርነት የተረፈችው አስቴር ጋኖ የኦሮሞን ዘፈኖች፣ ተረቶችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች ሰብስባለች፤ ከእነዚህም በርካታዎቹ እርሷና አናሲሞስ ነሲብ ባዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ወጥተዋል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ መጥተው በነቀምቴ አስተማሩ። በዚህ ሥራ የብዙ ዘፈን ቃል ከመረሳት ዳነ። ይሁንና ፊደል ቃልን እንጂ ዜማን አይዝም። ዜማው በተጫዋቹ ጆሮና ጣት ውስጥ ቀረ፤ ባለ ጣቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

ዛሬ የጅማቱ አውታር በናይሎንና በሽቦ፣ የዋንዛው ገበቴ አንዳንድ ጊዜ በብረት ሳህን ተተክቷል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሕዝብ ሁልጊዜ ባገኘው ነገር ይሠራል። አሳሳቢው ጆሮ ሲለወጥ ነው። ክራር በጊታርና በኤሌክትሪክ ፒያኖ ልክ ብቻ ሲቃኝ፣ የድምፁ ርቀት ቀድሞ ከተለካ መሣሪያ ጋር ይስተካከልና የአካባቢው ቅኝት ከመሣሪያው ይወጣል። ያን ጊዜ ክራሩ በሙዚየም ግድግዳ ላይ ቢሰቀልም የሚቀረን እንጨቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የባህል ሠራተኛው፣ መምህሩና አርቲስቱ በጋራ የሚወጡት ሥራ አለ። በየከተማውና በየገጠሩ ያሉትን አረጋውያን ተጫዋቾች ፈልጎ፣ አውታሮቹን ከማንም መሣሪያ ጋር ሳያስተካክሉ እንደ ቃኟቸው ድምፃቸውን መቅረጽ፤ የእያንዳንዱን የመሣሪያ ክፍል ስም በኦሮምኛም በአማርኛም መመዝገብ፤ በትምህርት ቤት ተማሪው ከአካባቢው እንጨትና ቆዳ ክራር እንዲሠራ ማድረግ። በእጁ የሠራውን መሣሪያ የቃኘ ልጅ «ትንሽ ጊታር» ብሎ አይጠራውም።