የማርችና የአፕሪል ዝናብና ነፋስ በባሕር ጠረፍ ከተሞች

ከአሽቀሎን እስከ ሃይፋ ባለው የእስራኤል የሜዲትራንያን ባሕር ጠረፍ፣ በማርችና በአፕሪል የአየሩ ጠባይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊለዋወጥ ይችላል። ከሰሜን አፍሪካ የሚመጣው ዝቅተኛ የአየር ግፊት አስቀድሞ «ሻራቭ» የተባለውን ደረቅና አቧራማ ሙቀት ያስከትላል፤ ሲያልፍ ቀዝቃዛ የምዕራብ ነፋስ፣ አንዳንዴም ነጎድጓዳማ ዝናብ ይተካል። በዕብራይስጥ «ማልቆሽ» የሚባለው የኋለኛው ዝናብ የሚጥለውም በዚሁ ወቅት ነው። በመሆኑም የጠዋቱ ሙቀት ለማታው ዋስትና አይሆንም።

ከዝናቡ ይበልጥ የሚያሰጋው የተጠራቀመው ውኃ ነው። ውኃ በሞላበት የመሬት ውስጥ መተላለፊያ በእግርም ሆነ በመኪና ማለፍ አይገባም፤ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎርፍ ትንሽ መኪናን ሊገፋ ይችላል። ቱቦ ተደፍኖ መንገድ ሲያጥለቀልቅ ወይም ዛፍ ሲወድቅ ለከተማው አስተዳደር በ106፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲበጠስ ደግሞ ሳይጠጉ በ103 ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ነፋሱ ቢበርድና ፀሐይ ብትወጣም ማዕበሉ ወዲያው አይረጋም፤ ብዙዎችን የሚያዘናጋቸው ይህ ነው። ጥቁር ባንዲራ መዋኘት መከልከሉን፣ ቀይ አደገኛነቱን፣ ነጭ ደግሞ ባሕሩ መረጋጋቱን ያመለክታል። የነፍስ አድን ሠራተኛ በሌለበት ዳርቻ ወደ ባሕር መግባት አይፈቀድም። ሰው ለአደጋ ሲጋለጥ የማጌን ዳቪድ አዶም የስልክ ቁጥር 101፣ የፖሊስ 100 ነው።