አጣዳፊ የሳንባ ብግነት በበጎችና በቤተ ሙከራ እንስሳት

አጣዳፊ የሳንባ ብግነት ጀርም ወይም መርዝ ሳንባ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች በሰዓታት ውስጥ ወደ አየር ከረጢቶቹ የሚጎርፉበት ሕመም ነው። የጎጃም ደጋ አርቢዎች የሚያውቁት በበግ ሳንባ ምች ነው፤ በጉ ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል፣ አንዳንዴም ምልክት ሳያሳይ ሞቶ ያድራል።

የጎጃሟ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጮቄ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በእንዲህ ያለው ደጋ ከሳንባ ምች ዋና መንስኤዎች አንዱ የሆነው ማንሃይሚያ ሄሞሊቲካ የተባለው ባክቴሪያ በጤነኛ በግ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይኖራል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የወሎ ደጋ ጥናትም ከጤነኛ በጎችና ከቄራ ናሙናዎች አግኝቶታል። ቁር፣ የክረምት ዝናብ፣ የጋጣ መጨናነቅና ረጅም የገበያ መንገድ በጉን ሲያዳክሙት ባክቴሪያው ወደ ሳንባ ይወርዳል።

እዚያ ቀድሞ የሚያገኘው ማክሮፋጅ ነው። ይህ ሴል ጀርሙን እየዋጠ፣ ሳይቶካይን በተባሉ ኬሚካሎች ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ከደም ውስጥ ይጠራል። ማንሃይሚያ ግን ሉኮቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። መርዙ በሚያመሰኩ እንስሳት ነጭ ሴሎች ላይ ካለው ሲዲ18 ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ሴሉን ያፈነዳዋል። በሴሉ ውስጥ ጀርም ሊፈጭ የታሰበው ኢንዛይም ያን ጊዜ ፈስሶ ሳንባውን ራሱን ይበላል፤ የሳንባው የፊትና የታች ክፍል ጠጥሮ ጉበት ይመስላል።

በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ ይህን በጥጆች አሳይቷል። ኒውትሮፊላቸው በመድኃኒት የተመናመነ ጥጆች ባክቴሪያው ሲሰጣቸው፣ ሳንባቸው ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ጉዳት ደረሰበት።

አይጥ ላይ ነገሩ ይለያል። ሉኮቶክሲን የአይጥን ሴሎች እንደ በግ ሴሎች አያጠቃም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ ከባክቴሪያ ውጫዊ ሽፋን የተገኘውን ኢንዶቶክሲን አፍንጫዋ ላይ ያንጠባጥባሉ። ከዚያም ሳንባዋን በጨው ውኃ አጥበው ሴሎቹን ይቆጥራሉ። ኒውትሮፊሎች በሰዓታት ውስጥ ይበዛሉ፤ በቀናት ውስጥ ሲቀንሱ ማክሮፋጆች የሞቱትን እየዋጡ ያጸዳሉ። በተጨማሪም በግ በሳንባዋ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ የተለጠፉ ማክሮፋጆች አሏት፤ ጤነኛ አይጥ ግን የላትም። በግ ደም ውስጥ በገባ ጥቂት ኢንዶቶክሲን የምትጎዳው በዚህ ነው።

የሉኮቶክሲን ነገር ለክትባትም ይተርፋል። ቢሾፍቱ ላይ የሚመረተው የበግ ፓስቱሬሎሲስ ክትባት የተሠራው ከማንሃይሚያ ዘመድ፣ ከተገደለ ፓስቱሬላ መልቶሲዳ ነው። ከማንሃይሚያ በደንብ ለመከላከል ግን ሉኮቶክሲንን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካልም ያስፈልጋል።