የጤና መድን ማሻሻያና የሕዝብ አስተያየት በሽሮ ሜዳ

የጤና መድን ማሻሻያ መንግሥት የሕክምናን ወጪ ከሕመምተኛው ኪስ ወደ ጋራ መዋጮ ለማዛወር ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ያወጣቸው ስልቶች፣ አዋጆችና ደንቦች ጥቅል መጠሪያ ነው። እዚህ የሚታየው ከሽሮ ሜዳ አንጻር ነው። ሽሮ ሜዳ በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ አለፍ ብሎ የሚገኝ የሸማ ገበያና መኖሪያ ሰፈር ነው። ሰፈሩ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታሰበው ወርኃዊ ደመወዝ ለሌለው፣ ሠርቶ ባገኘው ለሚያድር ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው በአንድ ሙያ ተሰባስቦ የሚገኝበት ሰፈር ደግሞ በዋና ከተማዋ ብዙ የለም።

ሰፈሩና ሠራተኛው

ሽሮ ሜዳ በሐበሻ ቀሚስ፣ በነጠላና በጋቢ ይታወቃል። ሸማኔዎቹ በአመዛኙ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ወይም የእነርሱ ልጆች ናቸው። ሽመናው ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በመኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ይውላል፤ ጥለት ሲያስገባም ድሩን አንድ በአንድ በዓይኑ ይለቅማል። በዚህ ሙያ ላይ ወገብ፣ ዓይንና ደረት ቀድመው ይደክማሉ። ከሽመናው ሌላ ቸርቻሪው፣ ጥልፍ ጠላፊው፣ ተሸካሚው፣ ከእንጦጦ ጫካ እንጨትና ቅጠል ተሸክማ የምትወርደው ሴት ሁሉ ደመወዝ የሚቆርጥለት አሠሪ የለውም።

ገቢው የበዓል ገቢ ነው። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሲቃረቡ ገበያው ይደምቃል፤ ክረምት ሲገባ ይቀዘቅዛል። በመስከረም ብዙ የጋሞ ሸማኔ ለመስቀል አገሩ ስለሚገባ ያጠራቀመውን ይዞ ይሄዳል፤ ሲመለስም ባዶ ኪሱን ይመለሳል። በዓመት አንድ ጊዜ ተጠቃሎ የሚከፈል መዋጮ ይህን ወቅት ካልጠበቀ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከመድን በፊት

የኢትዮጵያ መንግሥት ለጤና ለይቶ ገንዘብ መሰብሰብ የጀመረው በቅርቡ አይደለም። በ1951 ዓ.ም. ገደማ በመሬት ላይ የተመሠረተ የጤና ግብር ተጥሎ ነበር። በሕክምና ተቋማት የሚከፈለው የካርድና የመድኃኒት ዋጋ ለረጅም ጊዜ ዝቅተኛ ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ መክፈል ያልቻለ ሰው ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት ያወጣ ነበር። ወረቀቱን ለማግኘት ድህነትን በሰው ፊት ማስመስከር ያስፈልግ ስለነበር በርካቶች ከመለመን መታመምን የመረጡበት ሁኔታ እንደነበር ይነገራል።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ ሦስት ነገሮችን ለወጠ። ቀድሞ ለመንግሥት ካዝና ይገባ የነበረውን ገቢ ተቋማቱ ራሳቸው እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ነፃ ታካሚዎች ቀድመው እንዲለዩና ወጪያቸውን መንግሥት እንዲሸፍን አደረገ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናን፣ ክትባትን፣ ወሊድን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ደግሞ ለሁሉም ያለ ክፍያ እንዲሰጡ ወሰነ። የመጨረሻው ለሽሮ ሜዳ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከሰፈሩ በላይ በእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተቋቋመ ነው፤ መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናም በአገሪቱ የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. እዚሁ ነው። በክፍለ ከተማው ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም በ1961 ዓ.ም. ገደማ ለድሆች ታስቦ የተሠራ ነው። ጉለሌ ለድሃ የታሰቡ ሆስፒታሎች ሰፈር ነው ማለት ይቻላል፤ ነዋሪው ስለ መድን ያለውን ግምት ሲገልጽ ይህን ትዝታ ይዞ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ መድኖች

ማሻሻያው በሁለት መንገድ ሄደ። አንደኛው ማኅበራዊ ጤና መድን ነው። በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 690 ተቋቋመ፤ ደንቡ በ2005 ዓ.ም. ወጣ። ተቀጣሪው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ፣ ጡረተኛው 1 በመቶ እንዲያዋጡ፣ ለጡረተኛው መንግሥትም 1 በመቶ እንዲጨምር ተደነገገ። ሁለተኛው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲሆን ለገበሬውና በከተማ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው የታሰበ ነው። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ፎገራ፣ ተሁለደሬና ደቡብ አቸፈር ከአማራ ክልል የተመረጡት ነበሩ። የቤተሰብ መዋጮው መጀመሪያ ላይ በወር ከ10 እስከ 15 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ከ1,000 በላይ ወረዳዎችን ያዳረሰ ሲሆን፣ የሚመራውም በቀድሞ ስሙ ኤጀንሲ ይባል የነበረው የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ነው።

አዲስ አበባ የገባችው ዘግይታ ነው። በ2010 ዓ.ም. ገደማ በየክፍለ ከተማው ከአንድ ወረዳ ተነሥቶ ወደ ሌሎቹ ተስፋፋ። አባል የሆነ ቤተሰብ የመድን ደብተሩን ይዞ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ ሪፈር ሲጻፍለት ወደ ሆስፒታል ያልፋል። ሪፈሩን ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የገባ ሰው ከድንገተኛ ሕመም በቀር ከኪሱ ይከፍላል። መክፈል የማይችሉትን ቤተሰቦች መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። የመዋጮው መጠን ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ ከፍ እያለ ሄዷል።

ከሁለቱ መድኖች የደመወዝተኛው በመቶኛ ሲሰላ፣ የሸማኔው ግን ሲጀመር ለሁሉም ቤተሰብ እኩል በሆነ ተመን ነበር። ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ ሱቅ ያለው ነጋዴና በቤቱ ጉድጓድ የሚሸምነው ሰው አንድ ዓይነት ገንዘብ ያወጡ ነበር። ይህ ልዩነት በውይይት ላይ ከሚነሳው በላይ ሊነሳ የሚገባው ነው።

የሐሳቡ ምንጭ

ማኅበረሰብ አቀፍ መድኑ ከየት መጣ በሚለው ላይ ሁለት አመለካከቶች አሉ። የመጀመሪያው መድኑ የዕድር ልጅ ነው ይላል። በግንዛቤ ማስጨበጫ መድረኮች ላይ የሚዘወተረውም ይኸው ነው፤ ለሞት የምናዋጣ ከሆነ ለሕመም ማዋጣት ምን ይከብዳል ይባላል። ሁለተኛው ሞዴሉ ከውጭ የመጣ ነው ባይ ነው። ከደመወዝ የሚቆረጠው ዓይነት ቢስማርክ በጀርመን በ1883 እ.ኤ.አ. ካወጣው የሠራተኞች የሕመም መድን ሕግ ጋር ይመሳሰላል፤ የማኅበረሰቡ ዓይነት ደግሞ ሩዋንዳ ከ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወዲህ ካስፋፋችው የጋራ መድን ጋር ይቀራረባል።

ነገሩን ያወሳሰበው ዕድር ራሱ ምንጩ አከራካሪ መሆኑ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ የገቡ የጉራጌ ስደተኞች እንደጀመሩት ያስባሉ። ሌሎች በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ሬሳ የሚያነሣ ዘመድ ጎረቤት በተበተነበት ጊዜ እንደተጠናከረ ይገልጻሉ። በወሎ ቅሬ፣ በሐረር አፎሻ የሚባሉትን ማኅበራት በማስታወስ ሥሩ ከከተማው በፊት ነው የሚሉም አሉ። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድሪያስ እሸቴ ስለ ኢትዮጵያውያን የመረዳጃ ማኅበራት የጻፉት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ዳመን ኃይለ ማርያም ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ዕድሮችን ለጤና ወጪ መሸፈኛነት ማዋል ይቻል እንደሆነ መርምረዋል፤ መንግሥት የመድን ሙከራውን ከመጀመሩ በርካታ ዓመታት በፊት ማለት ነው። ይህ ጥናት መኖሩ የዕድርን ሐሳብ ያቀነቀኑ ሰዎች ከባዶ እንዳልተነሡ ያሳያል። ሆኖም የተቋቋመው መድን ዕድሮችን መሠረት አድርጎ አልተዋቀረም፤ ገንዘቡ የሚሰበሰበውና የሚተዳደረው በመንግሥት መዋቅር ነው። በዚህ መጣጥፍ ሚዛን ቅርጹ ከውጭ፣ ማሳመኛው ግን ከዕድር የተወሰደ ይመስላል።

ማሳመኛው ለምን ግማሽ መንገድ ላይ እንደሚቀር ለመረዳት ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። ዕድርተኛ ሰው ዳኛውንም ገንዘብ ያዡንም በመልክ ያውቃቸዋል፤ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ ሲተከል፣ ወንበሩ ሲደረደር፣ ገንዘቡ ሲሰጥ በዓይኑ ያያል። ያላዋጣ ሰው ቅጣቱም ሆነ ነቀፋው ከጎረቤት ይመጣበታል። በመድኑ ግን መዋጮው ወደማያውቀው ቋት ይገባል፤ ጥቅሙም የሚወሰነው ራሱ በማያዝበት ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት በመኖርና ባለመኖሩ ነው። ሞት ደግሞ ለሁሉም ይደርሳል፤ ዓመቱን ሳይታመም ያሳለፈ ቤተሰብ ግን ያወጣው ገንዘብ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። ጥያቄው የስስት ጥያቄ አይደለም። መልሱም ያለው በጎረቤቱ ሕመም ውስጥ ነው፤ ጎረቤቱ ግን የዳነው በእርሱ መዋጮ መሆኑን የሚነግረው የለም።

የከፋዮች አስተያየት

በሙከራ ወረዳዎቹ የተደረጉ ጥናቶች የሕዝቡን ዝንባሌ በመጠኑም ቢሆን በቁጥር አስቀምጠዋል። መድኑ በተጀመረ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ከናሙናው ቤተሰቦች 41 በመቶው አባል ሆነው ተገኝተዋል። የፈቃደኝነት መድን በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ካገኘው ተቀባይነት አንጻር ይህ ከፍተኛ የሚባል ነው። ከገቡት መካከል አብዛኞቹ በቀጣዩ ዓመትም አድሰዋል። አባላት ጤና ተቋም የመሄድ ልማዳቸው ጨምሯል፤ ለሕክምና ብለው መበደራቸውም ቀንሷል። ይህ ሁሉ የገጠሩ መረጃ ነው። የሽሮ ሜዳን ዓይነት የከተማ ሠራተኛ በሚመለከት የሚቀርበው ማስረጃ ያነሰ በመሆኑ ከታች ያለው በአዲስ አበባ በአጠቃላይ ከሚሰሙት አስተያየቶች የተውጣጣ ነው።

በጣም የሚደጋገመው ቅሬታ «መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ» መባል ነው። አባሉ ካርድ በነፃ ያወጣል፣ በነፃ ይመረመራል፤ መድኃኒቱ ሲጠፋ ግን ወረቀት ይዞ ወደ ግል ፋርማሲ ይወጣል። የመድን ቅሬታ ሁሉ እዚህ ላይ ይሰበሰባል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የከተማው አስተዳደር የራሱ በሆኑት በከነማ ፋርማሲዎች በኩል ክፍተቱን ለመሙላት ሞክሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ በሚገባበት አገር ይህ ለመዋጮው ቋትም ለሕመምተኛውም ከባድ ሸክም ነው።

ሌላው ቅሬታ መስተንግዶን ይመለከታል። ደብተር የያዘ ታካሚ በጥሬ ገንዘብ ከሚከፍለው ያነሰ ትኩረት ይሰጠዋል የሚል ስሜት በስፋት አለ። የሪፈር ሰንሰለቱ ጊዜ ይወስዳል መባሉም የተለመደ ነው፤ ቀኑን ያልሠራ ሸማኔ የቀኑን ገቢ ያጣልና ሰልፍም ዋጋ አለው። በሌላ በኩል ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ ስኳርና ደም ግፊትን የመሰለ የዕድሜ ልክ ክትትል ያለበት፣ ወይም ልጁን አስተኝቶ ያሳከመ ቤተሰብ መድኑን አጥብቆ ይደግፋል። ሕመሙ ሲከብድ ድጋፉም ይጠነክራል።

ከእነዚህ አስተያየቶች መካከል መንግሥት ሊሰማው የሚገባው አንድ ነገር አለ። ሰዎቹ የሚቃወሙት መክፈልን አይደለም። በዕድር፣ በዕቁብ፣ በማኅበር ያለማቋረጥ የሚያዋጣ ሕዝብ ማዋጣትን አይፈራም፤ ያዋጣበትን ነገር ሄዶ ማጣትን ነው የሚፈራው። መድኃኒት ሳይሟላ የመዋጮ ተመን ማሳደግ አባሉን ያሸሻል፤ ቀድሞ የሚሸሸው ደግሞ ጤነኛው ነው። የታመሙት ብቻ የቀሩበት ቋት ዕድሜ የለውም።

የደመወዝተኛው ተቃውሞ

ማኅበራዊ ጤና መድኑ በ2006 ዓ.ም. እንዲጀመር ታስቦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ለመራዘሙ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው የመንግሥት ሠራተኞች፣ በተለይም የመምህራን ተቃውሞ ነው። ግብር እንዲሁም 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ከሚቆረጥበት ደመወዝ ላይ ሌላ 3 በመቶ መቀነሱ፣ የሚገኘውም አገልግሎት አስተማማኝ አለመሆኑ የመከራከሪያው ፍሬ ነበር። ሸማኔው ያነሣው ጥያቄና መምህሩ ያነሣው ጥያቄ እዚህ ላይ አንድ ይሆናሉ። ልዩነቱ መምህሩ በማኅበርና በመሥሪያ ቤት በኩል ድምፁን ማሰማት መቻሉ ነው፤ ሸማኔው የሚቃወመው ደብተሩን ባለማደስ ብቻ ነው።

የማይሸፈኑ አገልግሎቶች

በ2005 ዓ.ም. ደንብ መሠረት መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የውበት ቀዶ ሕክምና፣ የአካል ንቅለ ተከላ፣ ከአገር ውጭ ሕክምና፣ እንዲሁም ከድንገተኛ የኩላሊት መድከም በቀር የኩላሊት እጥበት በማኅበራዊ ጤና መድን አይሸፈኑም። ሸማኔን ያሰበ የሽፋን ዝርዝር ቢኖር ኖሮ ቀድሞ የሚገባበት መነጽር ነበር፤ ያለ ዓይን ጥለት አይሠራምና።

ጠበልና መድኃኒት

ስለ ሕክምና የሚሰማው አስተያየት በመድን ብቻ አይወሰንም፤ ወደ እንጦጦ ጠበል የሚወጣው ሕመምተኛም በሽሮ ሜዳ ያልፋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ከጠበሉ ጋር አብሮ ይወሰድ አይወሰድ የሚለው አከራክሮ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል አስታውቀዋል።

የጤና ባለሙያዎች

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የመንግሥት ጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው በበርካታ ተቋማት ሥራ ያቆሙ ሲሆን፣ የተወሰኑት ታስረዋል። ለባለሙያው የሚከፈለው ዋጋም ከመድን መዋጮው ጋር በአንድ ሒሳብ ውስጥ መታየት የሚገባው ነው።