ደሙን ያፈሰሰ ለምን ያመለክታል?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1782 ጄኔራል ጆርጅ ዋሽንግተን በኒው ዮርክ ኒውበርግ ሆነው አንድ ትእዛዝ አወጡ፦ የተለየ ጀብዱ የፈጸመ ወታደር በግራ ደረቱ ላይ የልብ ቅርጽ ያለው ወይን ጠጅ ጨርቅ ይልበስ። ሽልማቱ ለጀግንነት እንጂ ለቁስል አልነበረም። ተሸላሚነታቸው በውል የታወቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከዚያ ተረሳ።

በ1932፣ ዋሽንግተን በተወለዱ በ200ኛ ዓመታቸው፣ የአሜሪካ ምድር ጦር ኤታ ማዦር ሹም ዳግላስ ማካርተር ሽልማቱን ‹‹ፐርፕል ሃርት›› (ወይን ጠጅ ልብ) በሚል ስም፣ ለቆሰሉትም የሚሰጥ ሜዳሊያ አድርገው መልሰው አቆሙት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉት ግን ራሳቸው ማመልከት ነበረባቸው።

ዛሬም ሜዳሊያው የአለቃ ችሮታ ሳይሆን የቁስለኛው መብት ነው። ቁስሉ በጠላት የደረሰና ሕክምና የሚያሻው መሆኑ በሰነድ ከተረጋገጠ ይበቃል። ችግሩም ያለው እዚሁ ሰነድ ላይ ነው። ተኩስ በሚዘንብበት ግንባር ቁስል አስሮ ወደ ምሽጉ የተመለሰ ወታደር ወረቀት ይጻፍልኝ አይልም።

በጁላይ 1973 ደግሞ በሴንት ሉዊስ የወታደራዊ ሠራተኞች መዝገብ ቤት እሳት ተነሣና ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመቱ ማኅደሮች ጠፉ። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት 80 በመቶ የሚሆኑት መዝገባቸው አመድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አረጋውያን የሆስፒታል ጽሑፍና የጓዶቻቸውን ምስክርነት ይዘው ደጅ ጠንተዋል።

ይህ ፍትሐዊ አይደለም። መዝገቡን የመጠበቅ ኃላፊነት የመንግሥት ነበር፤ የማስረጃውንም ሸክም መሸከም ያለበት ቁስለኛው ሳይሆን መንግሥት ነው።