ጡሩምባው እስከሚሰማበት

«ሰፈር» መጀመሪያ የዘማች ቃል ነው፤ ጦር ድንኳን ተክሎ የሚያድርበት ቦታ። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዚሁ ልማድ ሰፈረች። ቤተ መንግሥቱ መሃል ሆነ፤ መኳንንቱ በየኮረብታው፣ ጭፍራው በየጌታው ዙሪያ ከተመ። ራስ ብሩ ሰፈርና ደጃች ውቤ ሰፈር ስማቸውን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። የቤተ መንግሥቱ ባለእጆች የኖሩበት ደግሞ ሠራተኛ ሰፈር ተባለ።

ጌታና ሎሌ አጥር ተጋርተው ስለኖሩ ሁሉም ነገር በእግር የሚደረስበት ሆነ። ጉልት ቸርቻሪዋ ሽንኩርቷን ደጇ ላይ ትመድባለች፤ እንጀራ ጋጋሪዋ ደንበኞቿን በእርምጃቸው ታውቃለች። ድሃውን ያኖረው ይህ የአላፊ አግዳሚ ገበያ ነበር።

የሰፈሩን ወሰን በደንብ የሚያሳየው ግን እድር ነው። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባ ነፊው በየቅያሱ እየዞረ የሟቹን ስም ይጠራል፤ ሰፈሩም ጡሩምባው እስከሚሰማበት ድረስ ነው። ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ተተክሏል። አግዳሚ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከእድሩ ዕቃ ቤት በሰው ትከሻ ይመጣል፤ ሁሉም የተገዛው በየወሩ በተዋጣ ሳንቲም ነው። መንግሥት ያልደጎመው፣ ጎረቤት በጎረቤት የቆመ ገንዘብ ቤት ነበር።

ቤቶቹ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አላገኙም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ተከራዩ ከባለቤት ጭቆና ተገላገለ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ኪራዩ ለዓመታት እዚያው በመቆሙ ጣሪያ የሚቀይር ገንዘብ ጠፋ። ነዋሪው በራሱ እንዳያድስ ቤቱ የእሱ አይደለም፤ ቀበሌው እንዳያድስ ካዝናው ባዶ ነው። ጭቃው ረገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ አንድ ሽንት ቤት ለብዙ አባወራ ሆነ። ሰፈሮቹን የጎዳው ጠባብነታቸው ሳይሆን የጥገና ገንዘብ ማጣታቸው ነው።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም መጣ። የድሮዎቹ ሰፈሮችም መነሳት ጀመሩ፤ የልደታና የአራት ኪሎ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። ከተነሺዎቹ ብዙዎቹ የግል ሽንት ቤትና የቧንቧ ውሃ አገኙ፤ ኮንዶሚኒየም የደረሰው የባንክ ዕዳም አብሮት ገባ። እንጀራ ጋጋሪዋ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ሆና በደጇ የሚያልፍ ሰው የላትም።

የቀድሞ እድራቸውን ያልተዉም አሉ። ለወርሃዊው መዋጮ፣ ለለቅሶውም፣ ሁለት ታክሲ ይዘው ወደ ድሮው ሰፈር ይመለሳሉ።