የጣና ዙሪያ ቋንቋዎችና አማርኛ፦ ዝምድናና ጉርብትና

በአማራ ክልል ርዕሰ ከተማ በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚኖረው ሕዝብ ዛሬ በአብዛኛው አፉን የሚፈታው በአማርኛ ነው። ይሁንና ከከተማዋ ተነሥቶ በአዲስ አበባ መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው እንጅባራ ሲደርስ የገበያው መነጋገሪያ አዊኛ ሆኖ ያገኘዋል። ከሐይቁ በስተሰሜን፣ በጭልጋና በላይ አርማጭሆ አካባቢ፣ ጥቂት አረጋውያን ቅማንትኛ ያውቃሉ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ደግሞ በሰቆጣና በአካባቢዋ ኽምጣና ይነገራል። ሦስቱም ከአማርኛ ጋር ለብዙ መቶ ዓመታት ጎን ለጎን የኖሩ በመሆናቸው የአማርኛ ዘዬ የሚመስሉት ሰው አይጠፋም። ግምቱ ግን ከቋንቋ ጥናት ውጤት ጋር አይስማማም።

የአንድ ቋንቋ ዝምድና የሚለካው በትውልዱ ነው፤ ጉርብትናው የሚለካው በአጠቃቀሙ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ የሚፈጠረውን ችግር ለመረዳት የሕንድን ሁኔታ መመልከት ይጠቅማል። በዚያች አገር ሂንዲና ቤንጋሊ የብዙ መቶ ሚሊዮን ሕዝብ ቋንቋዎች ናቸው፤ ሁለቱም ከኢንዶ አርያን ወገን ይመደባሉ። በቢሃር ግዛት የሚነገረው ማይቲሊ የዚሁ ወገን ቋንቋ ሲሆን፣ በአወቃቀሩ ለቤንጋሊ የሚቀርብ ሆኖ ሳለ ለረጅም ጊዜ ከሂንዲ ሥር ተቆጥሯል። ሳንታሊ ግን በምዕራብ ቤንጋልና በአጎራባቾቹ ግዛቶች እየተነገረ፣ ተናጋሪዎቹም ብዙውን ጊዜ ቤንጋሊን እያወቁ፣ ከቤንጋሊ ጋር አንዳች የትውልድ ዝምድና የለውም፤ ወገኑ በሩቁ ከቬትናምና ከካምቦዲያ ቋንቋዎች ጋር ነው። የሕንድ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሻሻል ሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ ማሻሻያ እውቅና አግኝተዋል። በ2011 የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ ግን ከ50 ሚሊዮን በላይ የቦጅፑሪ ተናጋሪዎች አሁንም ሂንዲ ከተባሉት 528 ሚሊዮን ሰዎች ውስጥ ተደምረዋል።

የአስተዳደር ሠራተኛ ሊያስተውለው የሚገባው ሌላ ታሪክም በአሳም ተፈጽሟል። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች እ.ኤ.አ. በ1836 አካባቢ ቤንጋሊን የአሳም ፍርድ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ቋንቋ አደረጉ። አሳምኛ የቤንጋሊ ዘዬ ነው የሚለው አመለካከት ለውሳኔው ድጋፍ ሆኖ አገልግሏል። የአገሩ ምሁራን ባደረጉት ክርክር ውሳኔው የተለወጠው በ1873 ነበር። እስከዚያው ድረስ አንድ ሙሉ ትውልድ በጎረቤቱ ቋንቋ ሲማርና ሲዳኝ ኖሯል።

በጣና ዙሪያም ሁለቱም ዓይነት ግንኙነቶች ይገኛሉ።

አማርኛ ከግእዝ፣ ከትግርኛ፣ ከአርጎብኛ፣ ከሐረሪና ከጉራጌ ቋንቋዎች ጋር የሴም ወገን ነው። አዊኛ፣ ቅማንትኛና ኽምጣና ደግሞ በኤርትራ ከረን አካባቢ ከሚነገረው ብሌን ጋር የአገው ቋንቋዎች ተብለው ይጠራሉ፤ ወገናቸው ኩሽ ሲሆን ከአፋን ኦሮሞ፣ ከሶማልኛና ከአፋርኛ ጋር ይዛመዳሉ። ልዩነቱን ለማየት የመቁጠሪያ ቃላትን ማነጻጸር ይበቃል። አማርኛ "አምስት" የሚለውን ግእዝ "ኀምስ"፣ ትግርኛ "ሓሙሽተ"፣ ዓረብኛም "ኸምሳ" ይለዋል። በአዊኛ፣ በቅማንትኛና በብሌን ግን አምስት "አንኳ" ነው፤ በኽምጣናም "አኳ" ይባላል። በእንጅባራና በከረን መካከል ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ አንድ ሆኖ መገኘቱ የአገው ቋንቋዎች በአንድ ወቅት በሰሜኑ ደጋ ምን ያህል ተንሰራፍተው እንደነበር ያመለክታል። በድምፅ በኩልም አዊኛ እንደ አማርኛ ጠ፣ ቀና ጨ የመሳሰሉ ፈንጂ ድምፆች በመሠረቱ የሉትም፤ በአንጻሩ አማርኛ የማያውቀው በቃና የቃልን ፍቺ የመለየት ባሕርይ አለው።

ትውልዳቸው ቢለያይም ጉርብትናው አማርኛን በእጅጉ ለውጦታል። ለዚህ ማስረጃው ከቃላት ይልቅ በዐረፍተ ነገሩ አሠራር ላይ ጎልቶ ይታያል። ግእዝ "ቤተ ንጉሥ" ሲል ባለቤትነቱን የሚያሳየው ቃል ከኋላ ይመጣል፤ አማርኛ "የንጉሥ ቤት" ብሎ ወደ ፊት ያመጣዋል። ግእዝ "ብእሲ ዘመጽአ" የሚለውን አማርኛ "የመጣ ሰው" ይለዋል። አማርኛ ግሡን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያሳርፋል፤ "ዝም አለ"፣ "ብድግ አለ"፣ "ቁጭ አለ" እያለ "አለ" በሚለው ግሥ ብዙ ድርጊቶችን ይገልጻል። እነዚህ ሁሉ የኩሽ ቋንቋዎች የተለመዱ ባሕርያት ናቸው። ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተሙት ጥናት፣ ከእርሳቸው በኋላም ስለ አዊኛ ሰዋስው የጻፉት ሮበርት ሄትስሮን ይህንኑ በዝርዝር አሳይተዋል። የብዙ ተመራማሪዎች ማብራሪያ የቀድሞ የአገው ተናጋሪዎች ወደ ሴም ቋንቋ ሲሸጋገሩ የዐረፍተ ነገር ልማዳቸውን ይዘው መጥተዋል የሚል ነው። ስለዚህ አገውኛ ከአማርኛ ወጣ ከማለት ይልቅ አማርኛ በአገው አንደበት ተቀረጸ ማለቱ ለእውነቱ የቀረበ ይሆናል።

ከአማርኛ ጋር በትውልድ የሚዛመደው የአካባቢው ቋንቋ ጋፋትኛ ነበር። በዓባይ ሸለቆ አካባቢ ይነገር የነበረው ይህ ቋንቋ ከሶዶ ክስታንኛ ጋር ይቀራረባል። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በአገሪቱ በቆየበት ጊዜ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን ወደ ጋፋትኛ፣ ወደ ዳሞት አገውኛና ወደ ሌሎችም ቋንቋዎች አስተርጉሞ ወስዷል፤ የጋፋትኛው ጽሑፍ ዛሬ በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ተናጋሪ ፍለጋ ወደ አካባቢው በመጡ ጊዜ ከብዙ ድካም በኋላ ያገኙት አራት ሰዎችን ብቻ ነበር። ዛሬ ጋፋትኛ በመጽሐፍ እንጂ በሰው አንደበት የለም።

ከዚህም የከፋ ዕጣ የገጠመው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ቋንቋ ነው። ማኅበረሰቡ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የሚኖር፣ ከደንገል ታንኳ በመሥራት፣ ዓሣ በማጥመድና ቀደም ሲልም ጉማሬ በማደን የታወቀ ነው። ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲያልፍ ወይጦዎች ከአገሪቱ ቋንቋዎች ሁሉ ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንዳላቸው ጽፏል፤ በንጉሡ ትእዛዝ ሁለት ሰዎች ቀርበውለት ቢጠይቅም የረባ መረጃ ሳያገኝ ቀርቷል። ቀጥሎ ስለ እነርሱ የጻፈው ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮክ እ.ኤ.አ. በ1907 ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች መሆናቸውን አመልክቷል። በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ባሉት 130 ዓመታት ገደማ ውስጥ ቋንቋው ማንም ሳይመዘግበው ጠፍቷል ማለት ነው።

ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ጣና በመጣ ጊዜ አንድ የማኅበረሰቡ አባል በጠፋው ቋንቋ ዘፈን ዘፍኖለት ነበር። ዘፋኙ ራሱ ከጥቂት ቃላት በስተቀር ፍቺውን አያውቅም፤ የሚያውቃቸውም የጉማሬ የአካል ክፍሎች መጠሪያዎች ነበሩ። ግሪዮል የሰበሰባቸውን ቃላት የመረመረው ማርሴል ኮኸን አብዛኞቹ ከአማርኛ፣ ከዓረብኛና ከኩሽ ቋንቋዎች የመጡ መሆናቸውን ለይቶ፣ ምንጫቸው የማይታወቅ ስድስት ቃላትን ብቻ አስቀርቷል። ከእነዚህም መካከል "ሽልክሪት" የዓሣ ቅርፊት፣ "እንክየስ" የጉማሬ ጭን፣ "ዋዝምስ" ደግሞ የጉማሬ አከርካሪ ነው። በስድስት ቃል የቋንቋን ወገን መለየት አይቻልም፤ በመሆኑም የወይጦ ቋንቋ ከየትኛው ወገን እንደነበረ ምሁራን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ከቀሩት ቃላት አንዳንዶቹ ከአደን ሙያ ጋር የተያያዙ መሆናቸው ግን ቋንቋ ሲጠፋ የሙያ ቃላት ከሌሎች ዘግይተው ሊቆዩ እንደሚችሉ ያመለክታል።

ቅማንትኛም በዚያው መንገድ ላይ ይገኛል። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ቅማንት ተብለው የተመዘገቡት 172 ሺህ 327 ሲሆኑ፣ ቅማንትኛን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መሆኑን የገለጹት 1 ሺህ 650 ብቻ ነበሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ዘለዓለም ልየው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ቋንቋው በአብዛኛው በአረጋውያን ዘንድ እንደቀረና ወደ ልጆች እንደማይተላለፍ አመልክቷል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ቅማንት ራሱን የቻለ መለያ ሆኖ አልቀረበም፤ የክልሉ ምክር ቤት ለማንነቱ እውቅና የሰጠው በ2007 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አረጋውያኑ እየቀነሱ ሄደዋል።

ለእነዚህ ቋንቋዎች መዳከም የአስተዳደር ታሪክ የራሱ ድርሻ አለው። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አማርኛን ይፋዊ ቋንቋ አድርጎ ደነገገ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች እንዲካሄድ በተደረገ ጊዜ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ እንኳ አልተካተተም ነበር። ለውጥ የመጣው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋዎች እንዲሰጥ ሲፈቅድ ነው። የ1987 ዓ.ም. የፌዴራል ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንደሚኖራቸው ደነገገ፤ የአማራ ክልል ሕገ መንግሥትም የአዊ፣ የኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮችን አቋቋመ። ከዚህ በኋላ አዊኛና ኽምጣና በግእዝ ፊደል ተጽፈው ወደ ክፍል ገቡ፤ ከባሕር ዳር በሚተላለፈው የክልሉ ሬዲዮም የየራሳቸውን የአየር ሰዓት አገኙ። አማርኛ የሌለው በአፍንጫ የሚወጣ የአገው ድምፅ ለብቻው ፊደል ያስፈልገው ስለነበር "ጘ" የተባለው ፊደል ለዚህ አገልግሎት ውሏል።

ቅማንትኛ ይህን ዕድል ያላገኘው መማሪያ የሚሆንበት ጊዜ ሲደርስ ለመማሪያነት የሚበቃ ተናጋሪ ሕፃን ስላልነበረው ነው። አዊኛ በአንጻሩ በ1986 ፖሊሲው ሲወጣ በብዙ መቶ ሺህ ሕዝብ ቤት ውስጥ ይነገር ነበር። ሁለቱ ቋንቋዎች የአንድ ወገን እህትማማቾች ሲሆኑ፣ የለያያቸው የትምህርት ቤቱ በር በተከፈተ ጊዜ የነበራቸው የሕፃናት ቁጥር ነው።

በሥራ ላይ ያለ ባለሥልጣን ይህን ልዩነት ማወቁ ከእውቀት በላይ የሚያገለግልባቸው ቦታዎች አሉ። የፌዴራል ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል፤ አንቀጽ 20 ደግሞ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ለሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ይፈቅዳል። ከአዊ ዞን ወይም ከዋግ ኽምራ ገጠር ወደ ባሕር ዳር ችሎት የቀረበ ሰው የገበያ አማርኛ መናገሩ የክስ ጽሑፍ ይገባዋል ማለት አይደለም፤ አዊኛውን ወይም ኽምጣናውን እንደ ዘዬ የቆጠረ ጸሐፊም አስተርጓሚ መጥራት እንዳለበት ላያስብ ይችላል።